«ስንት ሕግ አወጣልን?» ላሉት ጸሐፊ

እዚህ እስራኤል ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ከኢትዮጵያ በመጣነው መሃል «የእኛ ሰው ክነሴት (ፓርላማ) ገብቶ ምን ፈየደ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቡና ላይ ይነሳል፣ ሰርግ ላይ ይነሳል፣ ለቅሶ ቤትም አይቀርም። ሰሞኑን ግን ጥያቄው በጽሑፍ መጣ። ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ከብዙ ወዳጆቼ ደረሰኝ። አንዱ «እውነቱን ነው» ብሎ ላከው። ሌላው «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ላከው። የምለው አለኝና ይኸው።

መጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚናገሩት ከኢትዮጵያ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የእስራኤል ክነሴት ስለሚገባ ሰው ነው። አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ አዲስ ገቢው በስሙ ያጸደቀው ሕግ የለም፣ ካለም ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛ፣ ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ አይታይም፣ ቢናገርም ለባዶ ወንበር ነው። ሦስተኛ፣ ከ120 ሰው መሃል አንድ ሰው ምንም አያመጣም፤ የፓርቲው ሎሌ ሆኖ ይኖራል፤ ቆራጥ ከሆነ ፓርቲውን ጥሎ ይውጣ። አራተኛ፣ ዜና ላይ የምናያቸው ለካሜራ ነው፤ ለዚህም በ2013 የተፈጠረውን የደም ልገሳ ጉዳይ ይጠቅሳሉ። አምስተኛ፣ የሚጠቅመንን ሕግ ያወጡልን ሌሎች ናቸው፤ የቤተ እስራኤልን በዓል ሲግድን የአገር በዓል ያደረገው ሕግ ምስክር ነው፤ ስለዚህ የራስ ሰው ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። (ዓመታቱን እዚህ አገር እንደምንቆጥረው በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ጽሑፉ ስድብ የለበትም። በእኛ ሰፈር ክርክር ይህ ራሱ ብርቅ ነው። ቁጣቸውም ይገባኛል። በ2019 በጋ አንድ ወጣት ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት መንገድ ዘግተው የተቀመጡ ልጆች «ክነሴት ያሉት የት ነበሩ?» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ጥያቄው ትክክል ነው። ጸሐፊው የያዙት ሚዛን ግን ልክ አይደለም።

ከሕግ ቆጠራው ልጀምር። ማንኛውም የክነሴት አባል በግሉ ረቂቅ ሕግ ማስገባት ይችላል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ረቂቁ ከገባ በኋላ በተለመደው አካሄድ 45 ቀን ይጠብቃል። ከዚያ ቅድመ ንባብ አለ። ከዚያ ኮሚቴ፣ ከዚያ አንደኛ ንባብ፣ እንደገና ኮሚቴ፣ ከዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ንባብ። በመሃል ደግሞ የሚኒስትሮች የሕግ ኮሚቴ የሚባለው አለ። እሑድ እሑድ እየተሰበሰበ መንግሥት የቱን ረቂቅ እንደሚደግፍ፣ የቱን እንደሚቃወም ይቆርጣል። እዚያ «አይሆንም» ከተባለ የጥምር መንግሥቱ አባላት ተሰልፈው ይጥሉታል። ረቂቁ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ የሚከራከር ብዙ ሰው አይገኝም።

እንግዲህ «በስሙ ስንት ሕግ ጸደቀ?» የሚለው ቁጥር በአብዛኛው የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ከመንግሥት ወገን ነው ወይስ ከተቃዋሚ። ትጋቱን አይነግረንም።

ጊዜውንም እንይ። በኤፕሪል 2019 ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ቃለ መሐላ በፈጸመ በወሩ ክነሴቱ ራሱን በተነ። 45 ቀኑ እንኳ አልሞላም! ይህን ሰው «ሕግ አላወጣህም» ብሎ መክሰስ ምን ይባላል? ያንን ምርጫ ጨምሮ እስከ ኖቬምበር 2022 ድረስ አገሪቱ አምስት ጊዜ ለምርጫ ወጣች። በእነዚያ ዓመታት የገቡ አዲስ ሰዎች ወንበራቸውን ሳይለምዱ ነው ቅስቀሳ የጀመሩት።

ቁጥሩ በሌላ በኩልም ያሳስታል። የሌላ ሰው አሮጌ ረቂቅ አንስቶ፣ ቀን ቀይሮ፣ በስሙ የሚያስገባ አባል አለ። እንደማያልፍ እያወቀ ያስገባል። ለምርጫ ወረቀቱ «ይህን ያህል ረቂቅ አቅርቤያለሁ» ይላል። በጸሐፊው ሚዛን ይህ ሰው ጎበዝ ሊባል ነው።

አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ። በመንግሥት ወገን ተቀምጦ፣ ሙሉ ዘመኑን ጨርሶ፣ አንድም ረቂቅ ያልሞከረ ካለ መጠየቅ አለበት።

ባዶው አዳራሽ ላይ ብዙ አልቆይም። ክነሴት የሚሰበሰበው ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። በቴሌቪዥን የምናየው ትልቁ አዳራሽ ውሳኔ የሚታተምበት ቦታ ነው። ሥራው በአብዛኛው ያለቀው ጠዋት ኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ እስራኤል የሚመጡ ሰዎችንና መቋቋማቸውን የሚመለከተውን የዓሊያና የክሊታ ኮሚቴን አንድ ጠዋት የተከታተለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሰብሳቢው ከጠረጴዛው ራስ ይቀመጣል። ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ ሰው ይመጣል፣ ከገንዘብ ሚኒስቴር አንድ፣ ከሶኽኑት (ከአይሁድ ኤጀንሲ) አንድ። ጥግ ላይ እናቷ ጎንደር የቀሩባት ሴት በፕላስቲክ ከረጢት ወረቀቶቿን ይዛ ትጠብቃለች። ሰብሳቢው «ስንት ፋይል ታየ፣ ስንትስ ቀረ?» ይላል። ባለሥልጣኑ «ቁጥሩን በጽሑፍ እንልካለን» ይላል። ይሄኔ ሰነፍ አባል ዝም ይላል። ጎበዝ አባል «መቼ?» ይላል። መልሱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል፣ ቃለ ጉባኤው ለሕዝብ ይወጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ገጽ ከፍቶ «እንዲህ ብለህ ነበር» ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ ሸኢልታ የሚባለው አለ። አባሉ ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል፣ ሚኒስትሩ የመመለስ ግዴታ አለበት። የክነሴት የጥናትና የመረጃ ማዕከልም አለ። አዲስ ገቢም ቢሆን «የእኛ ልጆች በማትሪክ ውጤት የት ደረሱ? የተመደበላቸው በጀት የት ገባ?» ብሎ ጥናት ማዘዝ ይችላል። ይህ ሁሉ ዜና አይሆንም። ፎቶም የለውም። ጸሐፊው አንድ ሸኢልታ፣ አንድ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ጠቅሰው ቢሆን ኖሮ ክርክራችን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። አልጠቀሱም። አዳራሹን ብቻ አይተው ፈረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አንድ ሰው ምንም አያመጣም፣ ቆራጥ ከሆነ ይውጣ» ወደሚለው።

መጀመሪያ መውጣቱን እንይ። ከኢትዮጵያ መጥቶ ክነሴት የገባ የመጀመሪያው ሰው አዲሱ መሰለ ናቸው። በ1996 በሌበር ፓርቲ በኩል ገቡ። በ1999 ከሌላው የሌበር ሰው ከአሚር ፔሬጽ ጋር ሆነው ከሌበር ወጡ፣ አዲስ ፓርቲ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። ሰውየው ተሳሳቱ ማለቴ አይደለም፤ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ግን ቆራጡ ሰው ወጣ፣ ወንበሩም አብሮ ሄደ።

ዶክተር አብርሃም ንጉሤም ይህን ያውቁታል። በ2006 «አቲድ ኤሐድ» በሚል ፓርቲ ራሳቸው መርተው ተወዳደሩ። ክነሴት ለመግባት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የድምፅ መጠን ሳያልፉ ቀሩ። ያኔ መጠኑ 2 በመቶ ነበር። አሁን 3.25 በመቶ ነው። በ2022 ሜሬጽን የሚያህል ነባር ፓርቲ 3.16 በመቶ አግኝቶ ከደጅ ቀርቷል። ድምፁ ከ150 ሺህ በላይ ነበር። የእኛ ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌው አንድ ላይ ተቆጥሮ ከአገሪቱ 2 በመቶ አይሞላም። አገሩ በሙሉ ደግሞ አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ «የኔ ወረዳ» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ «ጥሎ ይውጣ» ማለት ለጆሮ ይጥማል እንጂ ሒሳቡ አይወጣም።

እንግዲህ ሳይወጡ ምን ይቻላል? እዚህ ላይ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ታሪክ አለ። መነሳት የነበረበት እሱ ነው።

በኖቬምበር 2015 የእስራኤል መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ ወገኖቻችን እንዲመጡ ወሰነ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነበር። ሰው አለቀሰ፣ ዘፈነ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ «በጀት የለም» ተባለ። ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ።

ዶክተር አብርሃም ያኔ ገና አዲስ ናቸው። በ2015 ምርጫ በኔታንያሁ ፓርቲ፣ በሊኩድ ዝርዝር ነው የገቡት። በዚያ ምርጫ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ከእርሳቸው ሌላ አልገባም። የዓሊያና የክሊታ ኮሚቴን ይመሩ ነበር፣ ግን ኮሚቴ ገንዘብ ሚኒስቴርን አያዝም። ጸሐፊው የሚሉት «አንድ ብቻውን» በትክክል ይሄ ነው።

የኔታንያሁ ጥምረት ግን ያኔ 61 ወንበር ብቻ ነበረው። ከ120 መሃል 61። ዶክተር አብርሃም ሌላውን የሊኩድ ሰው ዳቪድ አምሳለምን ይዘው «ውሳኔው ካልተፈጸመ ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም» አሉ። ከ61 ሁለት ሲቀነስ 59 ነው። 59 ይዞ መንግሥት አያድርም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ከፓርቲያቸው አልወጡም፣ መግለጫ ጥለው አልሄዱም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።

በኤፕሪል 2016 ስምምነት ተደረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ 1,300 ሰው እንዲመጣ። በኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ቤን ጉሪዮን ላይ አረፉ።

ይህ በማንም ስም የተመዘገበ ሕግ አይደለም። በጸሐፊው ቆጠራ ዜሮ ነው። ዜሮው ግን በእግሩ ከአውሮፕላን ወርዷል።

በሐቅ እንነጋገርና ጸሐፊው እዚህ ላይ ሊያነሱ የሚችሉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ 9 ሺህ ተብሎ 1,300 መጣ። እውነት ነው። በ2018 መንግሥት እንደገና 1,000 ብሎ ወሰነ፣ ያውም ልጆቻቸው ቀድመው እዚህ ለገቡ ወላጆች። ቤተሰብ ተቆራርጦ ቀርቷል፣ ያ ቁስል ዛሬም አለ። ሁለተኛ፣ አጋጣሚው ጠባብ ነበር። በሜይ 2016 ሊበርማን ፓርቲያቸውን ይዘው ጥምረቱን ሲቀላቀሉ የወንበሩ ቁጥር ከ65 በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ቢያኮርፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አዎ። ታዲያ ይሄ የሚያሳየው የአዲስ ገቢ ጉልበት በወንበሩ ሒሳብ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ጎበዙ ያቺን ጊዜ ሲያገኝ ያውቃታል፣ ይጠቀምባታል። ሌላው ሳያያት ታልፋለች። አባሎቻችንን መጠየቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ጥምረቱ በአንድ ድምፅ ተንጠልጥሎ በነበረ ጊዜ የት ነበርክ? ምን ጠየቅህ? ይህን ጥያቄ ፈርተው የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን ጸሐፊው ቢዘረዝሩ እኔም እጨምርላቸው ነበር።

«ሎሌ» የሚለው ቃልም ከበደኝ። የፓርቲ ዲሲፕሊን ለሁሉም አለ። ሩሲያ የተወለደውም፣ ሞሮኮ የተወለደውም፣ ኪቡጽ ያደገውም ከፓርቲው ጋር እጁን ያነሳል። ለሌላው «ፖለቲካ ነው» እያልን ለእኛው ሲሆን «ሎሌነት» የምንለው ለምንድን ነው?

ስለ ካሜራው ደግሞ። ነገሩን ለማያስታውስ ባጭሩ ልንገር። ፕኒና ታመኖ-ሻታ በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ በኩል ክነሴት ገቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ ክነሴት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዲሴምበር 2013 የአገሪቱ የአምቡላንስና የደም አገልግሎት ማጌን ዳቪድ አዶም ክነሴት ውስጥ የደም ልገሳ ጣቢያ አቆመ። እርሳቸውም ሊለግሱ ሄዱ። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ደም ለሕመምተኛ እንደማይሰጥ ተነገራቸው። ቢወስዱትም በረዶ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይሠራበትም። ሴትዮዋ እስራኤል የገቡት በሦስት ዓመታቸው ነው። ነገሩ ተቀርጾ ወጣ፣ አገር ተናወጠ።

ጸሐፊው «መመሪያውን እያወቀች ነው የሄደችው» ይላሉ። እሺ፣ ያውቁ ነበር እንበል። ከዚያስ? መመሪያው እኮ እውነት ነው። እርሳቸው አልፈጠሩትም። በየትምህርት ቤቱ፣ በየጦር ሰፈሩ ክንዱን ሰብስቦ የተመለሰ ልጅ ነበረን። በ1996 መጀመሪያ ደማችን ተወስዶ በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲጋለጥ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ላይ እንዴት እንደወጣ ጸሐፊውም ያስታውሳሉ። እና ያ ሁሉ ሆኖ በ2013 ነገሩ አለ። ተራው ሰው ሲመለስ ማንም አያይም። የክነሴት አባል ክነሴት ውስጥ ስትመለስ ግን አፈ ጉባኤው አላየሁም ማለት አይችሉም። ዩሊ ኤደልስታይን በዚያው ቀን ጣቢያው ከግቢው እንዲወጣ አዘዙ። ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተናገሩ። ለዚህ የሚሆን ካሜራ ይብዛልን።

መመሪያው በማግስቱ አልተለወጠም፤ ይህን ጸሐፊው ልክ ናቸው። የተለወጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ፕኒና ክነሴት ውስጥ አልነበሩም። በ2015 ፓርቲያቸው ከ19 ወደ 11 ወንበር ወርዶ እርሳቸውም ወጥተው ነበር። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ዘመን በዘመን ብንቆጥር የ2013ቱ ሥራ ለማን ይጻፋል? ወንበር ላይ ላልነበሩ ሰው? በ2018 የፓርቲያቸው ሰው ያዕቆብ ፔሪ ሲለቁ ተተክተው ተመለሱ። በ2020 የዓሊያና የክሊታ ሚኒስትር ሆኑ፣ ከኢትዮጵያ የተወለደ የመጀመሪያው ሚኒስትር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ ወገኖቻችን ሲመጡ ሚኒስትሯ እርሳቸው ነበሩ። በ2015 አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢጽፍ «መጣች፣ ሄደች፣ ምንም አላመጣችም» ብሎ ይዘጋው ነበር።

የመጨረሻው የሲግድ ሕግ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። ሲግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሲሆን ረቂቁን ያቀረቡት የክነሴት አባሉ ኡሪ አሪኤል ናቸው። ከኛ አይደሉም። ሥራው ትልቅ ነው፣ ቄሶቻችንም ያመሰግኗቸዋል። የሚረዳን ሰው ሁሉ ከኛ መወለድ የለበትም። ይህን የሚክድ ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እከራከረዋለሁ።

ግን «ስለዚህ የራስ ሰው አያስፈልግም» የሚለው ድምዳሜ ከየት መጣ? በዓልን በሕግ ማወጅ ማንንም አያስከፍልም። ተቃዋሚ የለውም። ሁሉም ያጨበጭባል። ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ካቢኔ የሚያስኮርፈው ጉዳይ ሲመጣ ነው ሰው የሚለየው። ያ «በጀት የለም» የተባለበት የ2016 መጀመሪያ ላይ ኡሪ አሪኤል በዚያው መንግሥት የግብርና ሚኒስትር ነበሩ። አልወቅሳቸውም። የራሳቸው መራጭ፣ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ወንበሩን ለአደጋ አጋልጦ ድምፁን የከለከለው ግን ወንድሞቹ ጎንደር የሚጠብቁት አዲስ ገቢ ነው። አጠገባቸው ከኛ ያልሆኑት ዳቪድ አምሳለም ቆሙ። ጸሐፊው ያንን ወር ቢያነሱት ኖሮ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን መጻፍ ግድ ይሆንባቸው ነበር።